ትምህርት ቤት የተረከበው የዛፍ ቀን

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 1885 ጠዋት፣ በአሜሪካ ኔብራስካ ግዛት፣ ኔብራስካ ሲቲ በተባለችው ከተማ ተማሪዎች እንደ ወትሮው በየክፍላቸው ተሰበሰቡ፤ የተጠሩት ግን ለትምህርት ሳይሆን ለተከላ ነበር። እያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ አንድ ዛፍ መትከል ነበረበት። ዛፉ ጉድጓድ ገብቶ አፈር ከለበሰ በኋላ የክፍሉ ስምና የተተከለበት ጊዜ የተጻፈበት ምልክት ተደረገለት፤ ከዚያ ወዲያ ያንን ዛፍ መንከባከብ የዚያ ክፍል ኃላፊነት ሆነ። ተከላው ሲያልቅ አንድ ሺህ ያህል ሰው ተሰልፎ ከየትምህርት ቤቱ ወደ ከተማዋ ኦፔራ ቤት ተመመ። ተማሪዎቹ መፈክር የሰፈረባቸው የሳተን ሰንደቆች ይዘው ነበር። ለአንዱ ሰንደቅ ከ3 እስከ 10 ዶላር ወጥቶበታል፤ በዚያ ዘመን ቀላል ገንዘብ አልነበረም። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ ልጆቹ መቆሚያ እስኪጠፋ ተጨናነቁ። ንግግር ሊያደርግ የተነሣውን ሰው በሆታ ተቀበሉት።

ሰውየው ጁሊየስ ስተርሊንግ ሞርተን ነበር፤ በዚያች ቀን 53 ዓመት ሞላው። ግዛቲቱም በዚያው ዓመት የልደቱን ቀን በሕግ የዛፍ በዓል አድርጋ ደነገገችለት።

ሞርተን በ1854 ከባለቤቱ ከካሮላይን ጋር ከሚሺጋን ተነሥቶ ወደ ኔብራስካ ሲገባ ያገኘው ምድር ሣር ብቻ ነበር። ለቤት የሚሆን ግንድ፣ ለአጥር የሚሆን እንጨት፣ ለማገዶ የሚሆን ጭራሮ ከወንዝ ዳር ካልሆነ አይገኝም። ብዙ ሰፋሪዎች ሥር ያቀፈ አፈር በማረሻ እየገለበጡ፣ እንደ ጡብ እየቆረጡና እየደረደሩ ቤት ይሠሩ ነበር። ማገዶ ሲጠፋ የጎሽ ኩበት ያነዱ ነበር። ነፋሱን የሚገታ ነገር ስለሌለ የተዘራው አፈር ተጠርጎ ሲሄድ ገበሬው ቆሞ ከማየት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ይህ ማለት ግን አገሩ ባዶ ነበር ማለት አይደለም። ሜዳው ድርቅና ቃጠሎ ያኖሩት፣ ለጎሽ መንጋ የተመቸ የሣር ምድር ነበር፤ እዚያ የኖሩት የፖኒ ሕዝቦችም በ1870ዎቹ አጋማሽ ዛሬ ኦክላሆማ ወደምትባለው ምድር ተገፍተው ወጥተዋል። የዛፉን ቀን ታሪክ ስንተርክ ይህን መዝለል አይገባም፤ ተከላው የተስፋፋው በተለቀቀ ምድር ላይ ነውና።

ሞርተን ጋዜጣ ያዘጋጅ ስለነበር የዛፍን ነገር እያነሣ ለመጻፍ የሚያግደው አልነበረም። ጃንዋሪ 4 ቀን 1872 ለግዛቲቱ የእርሻ ቦርድ የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ፤ ኤፕሪል 10 ለዛፍ ተከላ ብቻ የተለየ ቀን ይሁን የሚል። ቦርዱ ተቀብሎ ሽልማት ጨመረበት። በዚያ ቀን በሥነ ሥርዓት ብዙ ዛፍ ለሚተክለው የወረዳ የእርሻ ማኅበር 100 ዶላር፣ ለሚበልጠው ግለሰብ ደግሞ የ25 ዶላር የእርሻ መጻሕፍት ተመደበ። ቀኑ ሲደርስ በግዛቲቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዛፍ መተከሉ ተነገረ።

ልብ በሉ፤ በዚህ የመጀመሪያ ዕቅድ ውስጥ ተማሪ የለም። ጉዳዩ የገበሬና የእርሻ ማኅበር ነበር፤ መመዘኛውም ቁጥር።

ቁጥር ብቻውን የት እንደሚያደርስ በዚያው ዘመን ታይቷል። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1873 ባወጣው ሕግ፣ ከ160 ኤከር፣ ማለትም ከ65 ሄክታር ያህል መሬት ላይ 40 ኤከሩን በዛፍ ለሸፈነ ሰው መሬቱ በስሙ ይሆንለት ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ግዴታው ወደ 10 ኤከር ዝቅ ተደረገ። ሆኖም መሬቱን ለመያዝ ብቻ የሚያመለክተው ሰው ብዙ ነበር፤ ከተተከለውም ብዙው በድርቅ ደረቀ፤ ሕጉም በ1891 ተሻረ። መትከልና መጽደቅ ለየብቻ መሆናቸውን የዚያ ሜዳ ገበሬዎች ብዙ ከስረው ተማሩ። እንግዲህ የዛፉ ቀን ከዚህ ዕጣ የዳነው አስተማሪዎች ስለተረከቡት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከአስተማሪዎቹ ወገን ቀድሞ የሚጠቀሰው የኮነቲከቱ በርድሲ ኖርዝሮፕ ነው። አሜሪካ መቶኛ ዓመቷን ባከበረችበት በ1876 አምስት ዛፍ ለተከለ ወይም አብሮ ለተከለ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ዶላር ለመሸለም ቃል ገባ። ይህም ቢሆን ገና ሽልማት ነው። ቀኑን በእርግጥ የትምህርት ቤት ቀን ያደረገችው ግን የኦሃዮዋ ሲንሲናቲ ናት።

በ1882 ኤፕሪል መጨረሻ በሲንሲናቲ ትልቅ የደን ጉባኤ ተጠርቶ ነበር። የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ኃላፊ ጆን ፒስሊ ጉባኤው የምሁራን ንግግር ብቻ ሆኖ እንዳያልፍ ፈለገ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ወደ ኤደን ፓርክ ወጡ። ፒስሊ ከዚያ በፊትም ተማሪዎቹ የደራሲያንን ልደት እያከበሩ ሥራቸውን በቃላቸው እንዲያጠኑ ያደርግ የነበረ ሰው ነው። አሁን ሁለቱን አገናኛቸው፤ በፓርኩ ውስጥ «የደራሲያን ዱር» የተባለ ቦታ ተከልሎ ዛፎቹ በሎንግፌሎ፣ በኤመርሰን፣ በሆምስ፣ በዊቲየርና በሌሎች ስም ተሰየሙ፤ ልጆቹም በየዛፉ ዙሪያ ቆመው ከየደራሲው ያጠኑትን አሰሙ። ሎንግፌሎ ከሞተ ገና አንድ ወር ያህል ነበር፤ ኤመርሰን ደግሞ በዚያው ሳምንት፣ ኤፕሪል 27 አረፈ። በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁት ሰው ዛፍ በተሰየመለት ሳምንት መሞቱን የሰማ ልጅ ያንን ዛፍ በቀላሉ ይረሳዋል ለማለት ይከብዳል።

የፒስሊ ትልቁ ነገር ይህ ይመስላል። ለዛፉ ስም ሰጠው፤ ስሙን ከትምህርቱ ጋር አሰረው። ልጁ ከቤቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄድ አንድ የሚያየው፣ የሚጠይቀው ዛፍ ኖረው። ሦስት ዓመት ቆይቶ በኔብራስካ ሲቲ በየዛፉ ላይ የክፍሉ ስም ሲጻፍ ያው ሐሳብ ነው በሌላ መልክ የተመለሰው፤ አንዱ በደራሲ ስም፣ ሌላው በክፍል ስም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ሰደድ ሄደ። ኖርዝሮፕ ከግዛት ግዛት እየዞረ አገረ ገዢዎችንና የትምህርት ኃላፊዎችን ወተወተ። ፒስሊ ተከላውን እንዴት ማክበር እንደሚቻል የሚያሳይ፣ ልጆች የሚያሰሙት የንባብ ክፍል ያለበት መጽሐፍ አወጣ። በየግዛቱ የትምህርት ቢሮዎችም ለበዓሉ በየዓመቱ መመሪያ ማተም ጀመሩ። የየትምህርት ቤቱ ቅጥር ጊቢ አብዛኛውን ጊዜ ጥላ የሌለው፣ ሲዘንብ ጭቃ፣ ሲደርቅ አቧራ ነበር፤ ልጆቹ የመጀመሪያውን ጉድጓድ የቆፈሩትም እዚያው ነው።

በኒውዮርክ አንድ ሌላ ነገር ተጨመረ፤ ድምፅ መስጠት። የግዛቲቱ ተማሪዎች በዛፍ ቀን የሚወዱትን ዛፍና አበባ እንዲመርጡ ተደረገ። በ1891 ጽጌረዳ አሸነፈች። ሕግ አውጪዎቹ ግን ለልጆቹ ምርጫ አልተቸኮሉም፤ ጽጌረዳ በሕግ የኒውዮርክ አበባ የሆነችው በ1955 ነው። በ1891 እጁን ያወጣ የአሥር ዓመት ልጅ ያኔ 74 ዓመቱ ነበር።

ከዛፉ ወደ ወፉ ለመሻገር ደግሞ ጊዜ አልፈጀም። በፔንሲልቬንያዋ ኦይል ሲቲ የትምህርት ቤቶች ኃላፊ የነበረው ቻርልስ ባብኮክ ሜይ 4 ቀን 1894 የመጀመሪያውን የወፍ ቀን በተማሪዎቹ መካከል አከበረ። ምክንያቱ የሴቶች ባርኔጣ ነበር። በዚያ ዘመን ባርኔጣን በላባ፣ አንዳንዴም በደረቀ ሙሉ ወፍ ማስጌጥ ፋሽን ሆኖ አእዋፍ በገፍ ይታደኑ ነበር። ባብኮክ የልጆቹ ልብ ቢዞር የእናቶቹ ባርኔጣ ይለወጣል ብሎ አመነ። ሐሳቡን ለእርሻ ሚኒስትሩ ጻፈለት፤ ሚኒስትሩም ያው ስተርሊንግ ሞርተን ነበር፤ ከ1893 እስከ 1897 በፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ ዘመን በዚያ ወንበር ተቀምጧል። ሞርተን ደግፎ መለሰለት፤ ብዙ ግዛቶችም ሁለቱን አንድ አድርገው የዛፍና የወፍ ቀን ብለው አከበሩ። በፀደይ የክፍሉ መስኮት ተከፍቶ ልጆች የወፎችን መመለስ የሚመዘግቡበት፣ ቅጠል እየቀጠፉ የሚለዩበት «የተፈጥሮ ጥናት» የሚባለው ትምህርት በአሜሪካ የተስፋፋውም በእነዚያው ዓመታት ነው፤ አና ቦትስፎርድ ኮምስቶክ በ1911 ያሳተመችው ወፍራም መጽሐፍ ለብዙ አስተማሪዎች ዋና መመሪያ ሆነ።

ኖርዝሮፕ በ1895 ጃፓን ድረስ ሄዶ ስለ ትምህርት ቤት ተከላ ሰብኳል። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ደግሞ ኤፕሪል 15 ቀን 1907 ስለ ዛፍ ቀን መልእክት ሲያወጣ አድራሻውን ለአሜሪካ ተማሪዎች አደረገው። ትልልቆቹ ያባከኑት ደን ጉድለት የሚሰማው ልጆቹ በሚኖሩበት ዘመን መሆኑን ገልጾ፣ ነገሩ ከሁሉ በላይ እነሱን እንደሚመለከት ነገራቸው። ለገበሬ ተብሎ የተጀመረ ቀን በ35 ዓመት ውስጥ አገር የሚመራ ሰው ስለ እሱ ከልጆች ጋር የሚነጋገርበት ሆነ ማለት ነው።

በ1970 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የኤፕሪልን የመጨረሻ ዓርብ ብሔራዊ የዛፍ ቀን ብሎ ዐወጀ፤ ግዛቶቹ ግን አንድ ቀን ላይ ሊስማሙ አልቻሉም፤ ሊስማሙም አይገባም። ችግኝ ሥሩ ተራቁቶ ሲተከል የሚጸድቀው እንቡጡ ሳይፈነዳ፣ መሬቱም ከበረዶ ሲላቀቅ ነው። ስለዚህ ሞቃቷ ፍሎሪዳ በጃንዋሪ፣ ብርዳሟ ሜን በሜይ ትተክላለች። ካሊፎርኒያ በ1909 የመረጠችው ማርች 7ን ነው፤ የዕውቁ ተክል አዳቃይ የሉተር በርባንክ የልደት ቀን። የትም ቢሆን ግን ቀኑ የሚውለው ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ወራት ነው፤ አስተማሪዎች ሊረከቡት የቻሉትም ስለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ አይገጥምም። ዝናቡ ችግኝ የሚያስተክለው በሐምሌና በነሐሴ፣ ተማሪው ሁሉ ለክረምት ዕረፍት በተበተነበት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ትምህርት ቤቶች ዝግ ነበሩ። ይሁን እንጂ የተተከለው ችግኝ ዝናቡ ከቆመ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ በበጋው ወራት ሁሉ ውኃ የሚያጠጣ፣ የሚኮተኩት፣ ከፍየል የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል፤ በእነዚያ ወራት ደግሞ ተማሪው በግቢው አለ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ርእሰ መምህሩ እያንዳንዱን ችግኝ ለአንድ ክፍል ቢያስረክብ፣ የክፍሉንም ስም ቢጽፍበት፣ ሰኔ ላይ ውጤት ሲሰጥ የጸደቀውን ከደረቀው ለይቶ መቁጠር ይችላል።