ከዘመቻ የቀረ ሯጭ

ባለፈው የካቲት ታናሽ ወንድሜ ከደብረ ታቦር ደወለልኝ። ኔትወርክ ጠፍቶ ከሰነበተ በኋላ መመለሱ ነበርና መልሶ ሳይቋረጥ ለመጨረስ ሰላምታውን አሳጠረው። ዞኑን ወክሎ በክልል ውድድር 10,000 ሜትር እንዲሮጥ ተመርጧል። ከዚያ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ አዲስ አበባ አንድ ክለብ ሊሞክረው ቀጥሮታል። ችግሩ የግራ ቅልጥሙ ነው። ሲሮጥ ያመዋል፣ ሲያርፍ ይተወዋል።

«ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው በደንብ የምሮጠው፤ የትኛውን ልተው?» አለኝ።

መልስ ሳልሰጠው አባቴ ስልኩን ተቀበለው። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ብዙ አያወራም። «ዞን ጠርቶት ይቅር? ይሄ እኮ ዘመቻ ነው። ከዘመቻ የቀረ ሰው…» ብሎ ተወው። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም፤ ለእኛ አገር ሰው መጨረስም አያስፈልገውም።

እኔ ምህንድስና ተምሬ ኮድ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። የስፖርት ጋዜጠኛም የታሪክ ባለሙያም አይደለሁም። ግን ያቺ ያላለቀች ዓረፍተ ነገር ለሳምንታት ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረች። ሩጫ መቼ ነው ዘመቻ የሆነው? ደግሞስ መቼ ነው ሥራ የሆነው? ወንድሜን ከመምከሬ በፊት ይህን ማወቅ ፈለግሁ። (ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የፈረንጅ ሲሆን እናገራለሁ።)

አብሮኝ በኦንላይን የሚሠራ አሜሪካዊ ባልደረባ አለኝ። የወንድሜን ነገር ስነግረው ሳቀና «እኛ አገር በየታኅሣሡ የምንጣላበት ጉዳይ ነው» አለኝ። በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ እግር ኳስ (በእጅ የሚያዘው የእነሱ ኳስ) የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ «ቦውል» የሚባሉ የክብር ጨዋታዎች አሉ። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2016 የኖተር ዳሙ ጄይለን ስሚዝ በእንዲህ ያለ ጨዋታ ላይ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ። በፕሮፌሽናል ሊግ ምርጫ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይሆናል ሲባል የነበረው ልጅ 34ኛ ሆኖ ተመረጠ፤ የቦታው ልዩነት በሚሊዮኖች ዶላር ይቆጠራል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ክርስቲያን ማካፍሪና ሌናርድ ፎርኔት የሚባሉ ሁለት ኮከቦች «የቡድናችንን የመጨረሻ ጨዋታ አንጫወትም፤ ለምርጫው እንዘጋጃለን» አሉ። ጓዶቻቸውን ከዱ ተብለው ተወቀሱ። በቀጣዩ ምርጫ ፎርኔት 4ኛ፣ ማካፍሪ 8ኛ ሆነው ወጡ። ከዚያ ወዲህ መቅረት የተለመደ ነገር ሆነ።

ባልደረባዬ ይህን ሲነግረኝ ወደ አእምሮዬ የመጣው አሜሪካ አልነበረም፤ የ2000 ዓ.ም. ነሐሴ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ያሠለጠነው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነው፤ የላከው መንግሥት ነው፤ ደመወዙም የወታደር ደመወዝ ነው። እንግዲህ አባቴ «ዘመቻ» ሲል ከሜዳ አላነሳውም። የመጀመሪያው ጀግናችን ቃል በቃል የታዘዘ ወታደር ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ለቶኪዮ ሲዘጋጅ ትርፍ አንጀቱ ታመመና በቀዶ ሕክምና ወጣለት። አምስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ 42 ኪሎ ሜትሩን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ። በ1961 ሜክሲኮ ላይ ደግሞ እግሩን እያመመው ገባ። ግማሹን ሳይደርስ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው።

ልጅ ሆነን እነዚህን ታሪኮች ስንሰማ ትምህርቱ አንድ ነበር፦ ኢትዮጵያዊ ሯጭ ታሞም ይሮጣል። አሁን ሳስበው ግን የቶኪዮው ታሪክ የሚነገረን ስላሸነፈ ነው። ቁስሉ ቢፈታበት ኖሮ ማን ይተርክልን ነበር? ሜክሲኮን እኮ እንደ አበበ ታሪክ አንተርከውም፤ የማሞ ታሪክ ነው ብለን እናልፈዋለን።

ቀጥሎ ያለው ዘመን አባቴም ብዙ የማያነሳው ነው። ምሩጽ ይፍጠር በ1964 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ፤ 5,000ው ላይ ግን በሰዓቱ መነሻው ላይ አልተገኘምና ሳይሮጥ ቀረ። ቀጣዩ ኦሊምፒክ በ1968 ሞንትሪያል ነበር። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ዘረኛዋ ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ ምክንያት ከሃያ በላይ አገሮች፣ አብዛኞቹ አፍሪካውያን፣ ውድድሩን ረግጠው ወጡ። ኢትዮጵያም ወጣች። ሁለቱንም ወርቅ ፊንላንዳዊው ላሰ ቪረን ወሰደ። ምሩጽ ሞስኮ ላይ ሁለቱንም እስኪያሸንፍ ድረስ፣ ከሙኒክ እስከ 1972 ዓ.ም.፣ ስምንት ዓመት ጠበቀ። እሱ እድለኛ ነው፤ እድሜው ቆየለት።

በላይነህ ዲንሳሞ ግን አልቆየለትም። ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። ያ ሰዓት አሥር ዓመት ሳይሰበር ቆይቷል። ከአምስት ወር በኋላ፣ መስከረም 1981፣ የሶል ኦሊምፒክ ተካሄደ። የዓለም ፈጣኑ ማራቶን ሯጭ አልነበረበትም። መንግሥታችን ከሰሜን ኮሪያ ጋር አብሮ ውድድሩን ስለተወ ነው። በፊትም በ1976 ከሶቪየት ኅብረት ጋር ወግነን ሎስ አንጀለስን ትተን ነበር። እንግዲህ ቁጠሩት፦ ከ1968 እስከ 1981 ከተካሄዱት አራት ኦሊምፒኮች በሦስቱ አገሪቱ ራሷ ቀርታለች። የሞንትሪያሉ ምክንያት የሚያኮራ ነው፤ የሌሎቹን ለአንባቢ እተዋለሁ። ያም ሆነ ይህ ሯጮቹን ማንም አልጠየቃቸውም። አገር ስትቀር «አቋም» ይባላል፤ ሯጭ ሲቀር «ክህደት»።

ከዚያ ገንዘብ መጣ። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ለዓለም ሻምፒዮና አሸናፊዎች የገንዘብ ሽልማት መክፈል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። የኦሊምፒክ ወርቅ ደግሞ እስከ 2016ቱ (በእኛ) ፓሪስ ድረስ ከማኅበሩ ምንም አያስከፍልም ነበር፤ ያኔ 50,000 ዶላር ሆነ። ከዚህ ጋር የሚወዳደረውን እዩ፦ በጥር 2000 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረሥላሴ ዱባይ ማራቶንን ሲያሸንፍ ሽልማቱ 250,000 ዶላር ነበር።

ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ማራቶን እንደ እግር ኳስ በየሳምንቱ አይደረግም። አንድ ሯጭ በዓመት በአግባቡ የሚሮጠው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው። ትልልቆቹ የከተማ ውድድሮች ሚያዝያ ላይ (ቦስተን፣ ለንደን) እና ከመስከረም እስከ ጥቅምት (በርሊን፣ ቺካጎ፣ ኒውዮርክ) ይደረጋሉ። ኦሊምፒክ ብዙ ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ በሙቀት፣ በሁለቱ መካከል ይገባል። ስለዚህ ኦሊምፒክ መሮጥ ማለት የመስከረሙን መተው ማለት ነው። ሯጩ የሚከፍለው ዋጋ እዚህ ላይ ነው፤ ከእድሜው ላይ ተቆርሶ የሚሰጥ ነገር ነው።

በመጋቢት 2000 ኃይሌ የቤይጂንግን ማራቶን እንደማይሮጥ አስታወቀ። የከተማዋ አየር ብክለት ለአስሙ ያሰጋዋል፤ 10,000 ሜትሩን ግን ይሮጣል። ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን የነበረው ሻይ ቤት አንድ ነው። ውድድሩ የዋለው እሁድ ነሐሴ 11፣ የከተማችን ስም የሆነው በዓል፣ ቡሄ፣ ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። እኛ ልጆቹ ጅራፋችንን አንገታችን ላይ ጠምጥመን በበሩ ተሰገሰግን። ቀነኒሳ በቀለ ወርቅ፣ ስለሺ ስህን ብር ወሰዱ፤ ሻይ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ኃይሌ 6ኛ ወጣ። አንድ ጎልማሳ «ማራቶኑን ፈርቶ ቀርቶ እዚህም አልሆነለት» ሲል ሰማሁና ተናደድሁ፤ ግን የምመልሰው አልነበረኝም።

ዛሬ የምመልሰው አለኝ። አራት ዓመት ቀደም ብሎ አቴንስ ላይ ኃይሌ ተረከዙ አካባቢ ያለው ጅማት ተጎድቶ ሮጧል። ቀነኒሳና ስለሺ ወደ ኋላ እየዞሩ ሲያዩት ሁላችንም አይተናል፤ 5ኛ ወጣ። ለባንዲራ ታሞ መሮጥን አሳይቶናል፤ ሁለተኛ ዕዳ አልነበረበትም። ቤይጂንግ ላይ አየሩ እንደተፈራው አልሆነም፤ ቻይናዎች ፋብሪካ ዘግተው፣ መኪና በታርጋ ቁጥር እያፈራረቁ አጸዱት። ነሐሴ 18 ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። የኛው ድሪባ መርጋ ሦስተኛ ሆኖ ስታዲየም ከገባ በኋላ ጸጋዬ ከበደ ደርሶበት ነሐሱን ወሰደ። ልክ በአምስተኛው ሳምንት፣ መስከረም 18 ቀን 2001፣ ኃይሌ በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ገባ። ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ቤይጂንግን ሮጦ ቢሆን ያ ቀን አይኖርም ነበር። ያ ሰዓት ሲነሳ ደግሞ የሚነሳው የኢትዮጵያ ስም ነው።

እስከዚህ ድረስ ሐሳቤ ወደ ወንድሜ አደላ። አባቴ ግን አስተማሪ ነው፤ በሚቀጥለው ጥሪ ሌላ ጥያቄ አመጣ። «ኃይሌ ሲቀር ዓለም ያውቀዋል። የናንተን ወንድም ማን ያውቀዋል? ያ ውድድር እኮ የፋርጣ፣ የእስቴ፣ የላይ ጋይንት ልጅ የሚታይበት ብቸኛው መስኮት ነው። ጥሩ ጥሩው ከቀረ ማን ሊያይ ይመጣል? ውድድሩ ከሞተ ከሱ በኋላ የሚመጣው ልጅ በየት ይወጣል?»

ይሄን በቀላሉ ልመልሰው አልቻልሁም። አሁንም አልመለስሁትም። የአሜሪካኖቹን ቦውል ባያዩት ተማሪዎቹ ሌላ ሜዳ አላቸው። እኛ ጋ ዞኑ ጫማ ባይገዛም ስም የሚጠራው ዞኑ ነው። ወንድሜንም ያ ክለብ ያየው ባለፈው ዓመት በዚሁ ውድድር ላይ ነው።

በዚህ መሀል ስለ ራሴ የማልክደው ነገር አለ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። የጀመርነው ሲስተም ግማሽ ላይ ሳለ፣ በዶላር የሚከፍል የውጭ ሥራ አገኘሁና ለቀቅሁ። ሲስተሙ እስከዛሬ ሥራ አልጀመረም። አንድም ሰው ከሃዲ አላለኝም፤ እንዲያውም አባቴ ጎረቤቱን ሰብስቦ ቡና አስፈላ። የእኔ ጣቶች እስከ ስልሳ ዓመቴ ይተይባሉ። የወንድሜ ቅልጥም ግን አሥር ዓመት ቢያገለግለው ነው። ጊዜ ያለው ሰው ሲሄድ «እሰይ» ተብሎ፣ ጊዜ የሌለው ሲቀር «ከዘመቻ የቀረ» የሚባለው ለምንድን ነው?

ወንድሜ ማለዳ ማለዳ ጋፋት ድረስ ሮጦ ይመለሳል። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ቦታ ነው። ያ ከ6 ቶን በላይ የሚመዝን መድፍ ከዚያ ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት ተጎትቶ በ1860 መቅደላ ደረሰ። የንጉሡን ስም እናውቃለን፤ የመድፉን ስም እናውቃለን። የጎተቱትን ሰዎች ስም ግን የሚነግረን የለም። ለአባቴ ይህን ስነግረው ለአፍታ ዝም አለና «እነሱም ባይጎትቱ አይደርስም ነበር» አለ። ሁለታችንም ልክ ነን መሰለኝ።

ፓሪስ ላይ የሆነውን ግን ሁለታችንም ወደድነው። ሲሳይ ለማ በሚያዝያ ቦስተንን አሸንፎ ለኦሊምፒክ ተመረጠ። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው በጉዳት ምክንያት ከቡድኑ ወጣ፤ ተጠባባቂ የነበረው ታምራት ቶላ ገባ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ታምራት በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። ከ24 ዓመት በኋላ የወንዶች ማራቶን ወርቅ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሲሳይ በታመመ እግሩ ቢገባ ኖሮ፣ ሮጦ የተሸነፈ አንድ ጀግና ይኖረን ነበር። ወርቅ ግን አይኖረንም።

ለወንድሜ በመጨረሻ የነገርሁት ይህን ብቻ ነው። «ከቀረህ ደብቀህ አትቅር። ዛሬውኑ ሄደህ ለአሠልጣኝህ አመመኝ በለው፤ ተጠባባቂው ልጅ ሦስት ሳምንት ይዘጋጅ።» ነገረው። አሠልጣኙ ተቆጣ፤ ስሙን ግን ሰረዘው። በቦታው ከታች ጋይንት የመጣ አንድ ልጅ ሮጦ 7ኛ ወጣ። ወንድሜ ውድድሩን ሄዶ ከዳር ቆሞ አይቶ፣ ለልጁ ውኃ አቀብሎት ተመለሰ።

ክለቡ «ቅልጥምህ ሲድን በክረምቱ ተመለስ» ብሎታል። ይቀበሉት አይቀበሉት ገና አልታወቀም። አባቴም ዓረፍተ ነገሩን እስካሁን አልጨረሰውም። ባለፈው እሁድ ስደውል ግን ስልኩን ያነሳችው እናቴ ናት። «አባትህ የለም፤ ለልጁ እግር ብሎ የሚታሽ ቅባት ሊገዛ ገበያ ወርዷል» አለችኝ።