ዋጋው ያለ ነው፤ ከፋዩ ማነው?



ከጎንደር ከተማ ወጥተው ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ ሲይዙ፣ ብዙም ሳይርቁ ወለቃን ያገኛሉ። በመንገዱ ዳር የሸክላ ሥራ ተደርድሮ ለመንገደኛ ይሸጣል። እኔ በዚሁ አካባቢ ልጆች ቁርአን የማስቀራ ሰው ነኝ። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ አንድ ተማሪዬ ነው።

ባለፈው ዓመት ልጄ የምትማርበት የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ጨመረ። እኔም ብዙ ሳላመነታ ጭማሪውን ለመሙላት የመድረሳችንን ወርሃዊ ክፍያ ከፍ አደረግሁ። ከዐስር ሶላት በኋላ ልጆቹን ሰብስቤ፣ «ከሰኞ ጀምሮ ያልከፈለ እንዳይመጣ» አልኩ። አንድ ልጅ ሰኞ ቀረ፤ ማክሰኞም ቀረ። እናቱ እንጀራ ጋግራ የምታሳድገው ልጅ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጀሪካን ተሸክሞ መንገድ ላይ አገኘሁት። «ለምን ቀረህ?» ብለው፣ «ኡስታዝ፣ እያጠራቀምኩ ነው፤ ሲሞላልኝ እመጣለሁ» አለኝ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የግል ትምህርት ቤቱ በእኔ ላይ ያደረገውን እኔ በዚህ ልጅ ላይ አድርጌው ነበርና። ስለዚህ ራሴን ጠየቅሁ፤ እርስዎንም ልጠይቅ፦ ለትምህርትና ለሕክምና ገንዘብ መክፈልና ማስከፈል ፍትሕ ነውን? መልሱን ፍለጋ ወደ ታሪክ ልውሰድዎ።

የበድር ምርኮኞች

በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 624) ከበድር ዘመቻ በኋላ በሙስሊሞች እጅ የወደቁት የቁረይሽ ምርኮኞች ራሳቸውን በገንዘብ ይዋጁ ነበር። ሀብታም የሆነው እስከ 4,000 ድርሃም ይከፍላል። ገንዘብ የሌለው፣ ነገር ግን መጻፍና ማንበብ የሚችለው ምርኮኛ ደግሞ ዐሥር የመዲና ልጆችን መጻፍ አስተምሮ እንዲለቀቅ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወሰኑ። በኋላ ቁርአንን በአንድ ጥራዝ የማሰባሰብ አደራ የተጣለበት ዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ) በዚያ ጊዜ ከተማሩት ልጆች አንዱ እንደነበረ ተዘግቧል።

እስቲ ይህን ነገር ረጋ ብለን እናስተውለው። ሰዎቹ ያስተማሩት በነፃ አልነበረም። አገኛለሁ ተብሎ የሚጠበቅ ወርቅና ብር ቀርቶ ነው ትምህርቱ የተገኘው። ያንን ዋጋ የከፈለው ግን ልጁ አልነበረም፤ የልጁ እናትም አልነበረችም። የከፈለው መላው የሙስሊም ማኅበረሰብ ነው፤ ያውም ችግር በጠናበት፣ ገንዘቡ እጅግ በሚያስፈልግበት ጊዜ።

በሕክምናም እንዲሁ ነው። በኸንደቅ ዘመቻ ጊዜ ሩፈይዳ የምትባል የአስለም ጎሣ ሴት በነብዩ መስጂድ ድንኳን ተክላ ቁስለኞችን ታክም ነበር። የቆሰለው ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ) የተወሰደው ወደ እርሷ ድንኳን ነው። ችግረኛውን የምትረዳው ከአላህ ምንዳን ፈልጋ እንደነበር የሲራ ጸሐፊዎች መዝግበዋል።

የመምህሩ ደመወዝ

«ታዲያ መምህሩና ሐኪሙ ምን ይብሉ?» ይሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዑለማዎቻችንም ብዙ ተከራክረውበታል። ኢማም ማሊክና ኢማም ሻፍዒይ ቁርአን ለሚያስተምር ሰው ደመወዝ መቀበልን ፈቅደዋል። ኢማም አቡ ሐኒፋና ቀደምት ባልደረቦቻቸው ግን ከልክለዋል። ከዘመናት በኋላ የመጡት የሐነፊ ሊቃውንት የቀደሙትን ፈትዋ ለውጠው ፈቀዱ። ምክንያታቸው ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው፦ ቀድሞ ለመምህራን ከበይተል ማል ይሰጥ የነበረው ቀለብ ተቋርጧል፤ መምህሩ እንጀራውን ፍለጋ ወደ ገበያ ከወጣ ቁርአን የሚያስቀራ ይጠፋል የሚል ነበር።

ይታይዎት፤ ክፍያ ከተማሪው ኪስ እንዲወጣ ያደረገው የሕዝብ ካዝና መድረቅ ነው። ደመወዝ ሐላል ሆነ፤ የድሃው ልጅ ነገር ግን አልተረሳም። በቀይረዋን የኖሩትና እ.ኤ.አ. በ1012 ያረፉት አል-ቃቢሲ ስለ መምህራንና ተማሪዎች በጻፉት መጽሐፍ፣ አባትም ሀብትም የሌለው ልጅ ትምህርቱ በዘመዶቹና በሙስሊሞች ጫንቃ ላይ የሚወድቅ ጉዳይ መሆኑን አስረድተዋል። ከእርሳቸው በፊት እ.ኤ.አ. በ870 ያረፉት ኢብን ሰሕኑን ደግሞ መምህሩ የሀብታምንና የድሃን ልጅ በአንድ ዓይን የማየት ግዴታ እንዳለበት ጽፈዋል። ይህን ቃል መድረሳ ሳለሁ ከሸኾቼ ሰምቼው ነበር። ያን ሰኞ ግን ዘነጋሁት።

ወቅፍ የከፈተው በር

እ.ኤ.አ. በ1154 ሱልጣን ኑረዲን በደማስቆ ትልቅ ሆስፒታል ሠራ። ገንዘቡ የመጣው ከአንድ የተማረከ የመስቀል ጦረኛ መሪ ቤዛ እንደሆነ ይነገራል፤ እንደ በድር ሁሉ ማለት ነው። ቀላውን የተባለው አሚር በደማስቆ ሳለ ታሞ ከዚያ ሆስፒታል በመጣ መድኃኒት ዳነና፣ ሥልጣን ቢይዝ ተመሳሳይ እንደሚያሠራ ተሳለ። የግብፅ ሱልጣን በሆነ ጊዜም እ.ኤ.አ. በ1284 በካይሮ ሠራው። ሆስፒታሉ ለወንድም ለሴትም፣ ለሀብታምም ለድሃም ክፍት እንዲሆን በወቅፍ ሰነዱ ተደንግጓል። ሐኪሞቹ ደመወዝ ነበራቸው፤ መድኃኒቱም በገንዘብ ይገዛ ነበር። ወጪው የሚሸፈነው ግን ከተወቀፉ ሱቆች፣ ቤቶችና መሬቶች ኪራይ ነበር። በሽተኛው በሩ ላይ ስለ ገንዘብ አይጠየቅም።

ወቅፍም ቢሆን የሰው ሥራ ነውና ጉድለት ነበረበት። ብዙ ቦታ አስተዳዳሪዎች በሉት፤ ገዢዎች ወረሱት። በአደራ ካልተጠበቀ የትኛውም ካዝና ይደርቃል።

በእኛ አገር

አሁን ወደ ጎንደር እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። አዲስ ዓለም የሚባለው የእስላሞች ሰፈር ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ሙስሊሙ ርስት ስላልነበረው ሸማኔና ነጋዴ ሆነ። የወለቃዎቹ ቤተ እስራኤሎችም እንዲሁ ርስት ተነፍገው በሸክላና በብረት ሥራ ኖሩ። እነርሱ እ.ኤ.አ. በ1984 እና 85፣ ከዚያም በ1991 ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ የሸክላው ሥራ ግን በመንደሩ ቀርቷል። መሬት የሌለው ሰው ለልጁ የሚያወርሰው ሙያና ዕውቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሰው የትምህርት በር ሲዘጋበት የልጁ ርስት እንደተነጠቀ ይቁጠሩት።

አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ደረሳው ከሩቅ አገር መጥቶ ሸኹ ዘንድ ሲቀራ የሚበላው ከመንደሩ ቤቶች ነበር። የጎረቤታችን የቆሎ ተማሪም በክርስቲያኑ ወገን የሚኖረው እንዲሁ ነው። ወላጅ እህል ወይም ማገዶ ያመጣል፤ ልጁ ቁርአን ሲያኸትም እንደ አቅሙ ስጦታ ይሰጣል። ለሸኹ ይከፈል ነበር፤ ነገር ግን የሌለውን ልጅ ማንም «ሲሞላልህ ና» አላለውም።

ዘመናዊ ሕክምና በጎንደር ሲስፋፋም መነሻው ተመሳሳይ ሐሳብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅ በከተማችን ተቋቁሞ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይልክ ጀመር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች የተነሳው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ተገምቷል። ትንኝ የከፈለውንና ያልከፈለውን አትለይም። የጎረቤትዎ ልጅ ሳይታከም ሲቀር በሽታው የእርስዎን አጥር ይሻገራል።

ከዚያ በኋላ ሁለቱንም መንገድ አየን። እ.ኤ.አ. በ1975 ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን በአዋጅ የሕዝብ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1979 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ አዛውንት ሳይቀሩ ፊደል ቆጠሩ፤ በ1980ም ዘመቻው ከዩኔስኮ ሽልማት አገኘ። በጎ ሥራ ነበር፤ ነገር ግን ክፍሎች ተጨናነቁ፤ መጻሕፍት አነሱ። ክፍያ ስለተከለከለ ብቻ ትምህርት እንደማይዳብር ያኔ ታየ። ከ1991 በኋላ የግሉ በር ተከፈተ። የ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲም እስከ 10ኛ ክፍል የመንግሥት ትምህርት ከክፍያ ነፃ እንዲሆን ወሰነ። የግል ትምህርት ቤቶችና ክሊኒኮች በዙ፤ የመንግሥቱን ጫናም አቃለሉ። ነገር ግን አቅም ያለን ሁሉ ልጆቻችንን ይዘን ወጣን።

ሕክምናን በተመለከተ ግን ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በሙከራ ተጀመረ፤ በክልላችን ፎገራ አንዷ ነበረች። አባወራው በጤናው ጊዜ በዓመት መዋጮ ይከፍላል፤ ሲታመም በጤና ተቋሙ በር ላይ አይከፍልም። እጅግ ድሃ ለሆነው መንግሥት ይከፍልለታል። ነገሩ ከዕድራችን ጋር ይመሳሰላል። በእርግጥ ካርዱን ይዘው ሄደው «መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ግዙ» መባል አለ። እኔም ለእናቴ መድኃኒት ከግል መድኃኒት ቤት ተበድሬ ገዝቻለሁ። ቢሆንም ሥርዓቱ ልክ ነው፤ የጎደለው መሙላቱ ነው።

እንግዲህ ምን እንበል?

ውድ አንባቢ፣ ከዚህ ሁሉ የተረዳሁትን ልንገርዎ። መምህሩና ሐኪሙ መከፈላቸው ፍትሕ ነው። ልጅ አደራ ነውና ለልጅዎ የተሻለ ትምህርት ቤት መፈለግዎም ኃጢአት አይደለም። በደል የሚመጣው ክፍያው መግቢያ በር ሲሆን ነው፤ ያለው ገብቶ የሌለው በውጭ ሲቀር።

ስለዚህ ለግል ትምህርት ቤት የሚከፍል ሁሉ ሁለት ዕዳ አለበት። አንደኛው፣ ልጁን ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሲያወጣ ድምፁን አብሮ አለማውጣት ነው። በሰፈራችን ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ የሚናገረው፣ ሒሳብ የሚጠይቀው፣ ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው ማን ነበር? ልጆቹን አስቀድሞ ያወጣው እርሱ ነው። የቀሩት እናቶች ሥራ ስለማይፈታላቸው አይመጡም፤ ቢመጡም ዝም ይላሉ። ልጅዎ እዚያ ባይማርም ሄደው ይጠይቁ፤ የጎረቤትዎ ልጅ ነውና።

ሁለተኛው ዕዳ የመዲናን ሥራ መሥራት ነው፦ ዋጋውን ከልጁ ላይ ማንሣት። የተቸገረ ተማሪ ከዘካ ሊረዳ እንደሚችል ብዙ ዑለማዎች ተናግረዋል። አንድ ሱቅ ለመድረሳ ቢወቀፍ ኪራዩ ስንት ልጅ ያስተምራል? ሱልጣን መሆን አያስፈልግም።

እኔም ከራሴ ጀመርኩ። ወላጆችን ሰብስቤ ያደረግሁትን ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ አፈርኩ፤ ግን ነገርኳቸው። አሁን ክፍያው የሚገባው በተዘጋ ሣጥን ነው። ያለው ጨምሮ ይከታል፤ የሌለው ባዶ እጁን ያስገባል። ማን እንደከተተ እኔ እንኳ አላውቅም። ከቀድሞው ያነሰ የምናገኝበት ወር አለ፤ የልጄን ክፍያ ለመሙላትም ቅዳሜና እሑድ ሌላ ቦታ አስቀራለሁ።

ያም ልጅ ተመልሷል። ግን እስከ ዛሬ የሚቀመጠው በሩ አጠገብ ነው፤ አንድ ቀን «ውጣ» የሚለው እንዳለ ሁሉ። «ወደ ፊት ና» ስለው ፈገግ ይላል እንጂ አይነሣም። በአንዲት ቃል የሰበርኩትን ልብ በስንት ቃል እንደምጠግን አላህ ያውቃል።

እስቲ እርስዎም ዛሬ ማታ ቤተሰብዎን ሰብስበው ይህን ይጠይቁ፦ በሰፈራችን በር ላይ የተቀመጠው ልጅ ማን ነው? ክፍያውንስ ማን ይክፈልለት?

አላህ ዕውቀታችንን ጠቃሚ፣ ሲሳያችንን ሐላል፣ በራችንንም ለድሃ ክፍት ያድርግልን። ኣሚን።