ጭር ያለ ሰፈር ልከራይ ወይስ ይቅርብኝ?

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ የሚከራይ ኮንዶሚኒየም አይቼ መጣሁ። ለአስተማሪ ደሞዝ የሚቀመስ ነው፤ ግን ጭር ያለ። ባለቤቴ "አንተ ስታመሽ እኔና ልጁ ማንን እንጠራለን?" አለችኝ።

ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ፦ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ሲያሠሩ ከተማው ገና አልነበረም። በኋላ መኳንንቱ በየጉብታው ሰፈሩ፤ በመሃላቸው ወንዝና ሜዳ ነበር። "ሰፈር" የምንለውም ከዚሁ መስፈር ነው። ግን ብቻቸውን አልሰፈሩም፤ ወታደሩም አገልጋዩም አብሮ ወርዷል። ሰፈር ከሰፈር ቢራራቅም ጎረቤት ይዘው ነው የመጡት። እኛ ተከራዮች ግን ጎረቤታችንን ጥለን ነው የምንሄደው።

ስለዚህ ቅዳሜ ተመልሼ ከውሃና መብራቱ በፊት ስለ እድር ልጠይቅ ነው። ተከራይ የሚቀበል እድር ካለ እንገባለን። ከሌለ እዚሁ ጠባቧ ቤታችን እንቆያለን።