የራያ ቆላ ስሞችና የኮምፒዩተር መዝገብ



ከወልድያ ተነሥቶ በጎብዬና በሮቢት አልፎ ወደ ቆቦ የሚዘልቅ መንገደኛ በስተምሥራቅ የዞብልን ተራራ፣ በስተምዕራብ የግዳንን ደጋ እያየ የሚያልፈው ሜዳ የማሽላ አገር ነው። የዚህ አገር ገበሬ እህሉን በጅምላ ማሽላ ብሎ አይተወውም። ደጋሊትን ከጅጉርቲ በእሸቱም በአገዳውም ለይቶ ያውቃል፤ ረጅም ወራት በማሳ የሚቆየው የአገር ዘር በሚያዝያ ዝናም መዘራት እንዳለበት፣ ዝናሙ ከዘገየም ፈጥኖ በሚደርስ ዘር ወይም በጤፍ መተካት እንደሚገባ ያውቃል። ይህም ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ በአፍ ሲተላለፍ የኖረ ነው።

ከዚህ ሜዳ ስሞች መካከል ባሕር የተሻገሩም አሉ። አቀንጭራ የሚባለውን የማሽላ ጠላት የሚቋቋሙ ሁለት ዘሮች በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያዊው ሊቅ በፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ምርምር ተገኝተው፣ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ገበሬ ሲደርሱ አንደኛው ጎብዬ፣ ሁለተኛው አብሽር ተባሉ። በኋላም የቆቦው ወንዝ የሆርማት ስም ለሌላ ዘር ተሰጠ። ስለዚህ ዛሬ ጎብዬንና ሆርማትን በኮምፒዩተር የሚፈልግ ሰው በላቲን ፊደል የተጻፈ የዘር ጥናት ያገኛል፤ ስለ ከተማይቱና ስለ ወንዙ በአማርኛ የሚያነበው ግን እጅግ ጥቂት ነው። በእኔ አስተያየት ይህ የምሁራኑ ጥፋት አይደለም፤ እነርሱ የድርሻቸውን ሠርተዋል። የቀረውን ሥራ ከዩኒቨርሲቲ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በአገራችን እንዲህ ያለው ሥራ ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ሲሠራ ኖሯልና።

የአዲስ አበባው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ነው። ከዚያ እጅግ አስቀድሞ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በኢየሩሳሌም ተቀብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲደክሙበት ኖሩ። አለቃ ኪዳነ ወልድ በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ መጽሐፉ ገና አልታተመም ነበር። አደራውን የተቀበሉት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት፤ የራሳቸውንም የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ። ሦስት ሰዎች ተቀባብለው የፈጸሙት ሥራ ነው። ሁለቱም መጻሕፍት ቃልን ከሥሩ እየፈለጉ በአበገደ ተራ የሚያስቀምጡ ስለሆኑ፣ ለኮምፒዩተር መዝገብ የሚስማማ አሠራር አላቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን እነዚህ መጻሕፍት ዛሬ በኮምፒዩተር የሚዞሩት አብዛኛውን ጊዜ ገጻቸው ፎቶግራፍ ተነሥቶ ነው። ፎቶግራፍ ብቻ ለኮምፒዩተር መስጠት ደግሞ ፊደል ላልቈጠረ ሰው መጽሐፍ እንደ መስጠት ነው፤ ቀለሙን ያያል፣ ቃሉን አያውቅም። ኮምፒዩተር እንዲያነብ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። በ1980ዎቹ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር እንደ አቶ ፍስሐ አጥላው ያሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ኮምፒዩተርን አማርኛ ማስጻፍ ጀመሩ። ሆኖም እያንዳንዱ ሠሪ ለፊደላችን የየራሱን ቁጥር ስለ ሰጠ፣ በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆን ነበር። ይህ ችግር የተቃለለው በ1999 ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም የፊደል ሠንጠረዥ በሦስተኛው እትሙ ለፊደላችንና ለሥርዓተ ነጥባችን 345 ቦታ ከሰጠ በኋላ ነው።

መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ የገቡበት ፈቃደኞች ናቸው። በ2001 በእንግሊዝኛ የተጀመረው፣ ማንም ሰው የሚጽፍበት መዝገበ ዕውቀት ውክፔዲያ በሚል ስም በአማርኛም አለ፤ የያዛቸውም ጽሑፎች 15 ሺህ ያህል ናቸው። የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ነው። በ2019 የተመሠረተው ማሳካኔ የተባለው የአፍሪካውያን ማኅበር ደግሞ በ2021 አማርኛን ጨምሮ በአሥር የአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፉ ዜናዎችን እያነበበ የሰውን፣ የቦታንና የድርጅትን ስም አንድ በአንድ ምልክት አደረገባቸው። ኮምፒዩተር አንድ ቃል የአገር ስም መሆኑን የሚማረው ሰው እንዲህ ቁጭ ብሎ ሲያመለክተው ነው።

የቆላው ስሞች እዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። ወልድያን አንዱ «ወልድያ»፣ ሌላው «ወልዲያ» ብሎ ይጽፋል፤ እኛ አንድ ከተማ መሆኗን እናውቃለን፣ ኮምፒዩተር ግን ሁለት ያደርጋታል። በራያ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ በአንድ ገበያ ሲነገሩ ኖረዋል፤ አፋርም ጎረቤት ነው። ስለዚህ አንድ ወንዝ ወይም አንድ ዛፍ በአንድ ስም ብቻ ቢመዘገብ መዝገቡ ጎደሎ ይሆናል። በ2012 የተጀመረው ዊኪዳታ የተባለው ነፃ መዝገብ ለዚህ ይበጃል፤ ለአንድ ነገር አንድ ቁጥር ሰጥቶ በሥሩ የየቋንቋውን ስምና ልዩ ልዩ አጻጻፉን ሁሉ ያስቀምጣል።

ይህን ለመሥራት ዲግሪ አይጠየቅም። የቆቦ መምህር፣ የግብርና ሠራተኛ ወይም ስልክ የያዘ ተማሪ ሊጀምረው ይችላል። ለደጋሊት አንድ መስመር ቢከፈት፣ ስሙ በየቋንቋው እንዴት እንደሚጠራ፣ በየትኛው ቀበሌ እንደሚዘራ፣ በምን ወር ተዘርቶ በምን ወር እንደሚታጨድ፣ ለእንጀራ ወይስ ለጠላ እንደሚመረጥ፣ አገዳው ለከብትና ለማገዶ ያለው ጥቅም፣ ይህን የነገሩት ሽማግሌ ዕድሜና የተነገረበት ዓመት ይገባበታል። ሽማግሌው ዘሩን ለመጨረሻ ጊዜ የዘሩበትን ዓመት መጠየቅም አይዘንጋ፤ የሚያዝያው ዝናም እየታጣ ብዙዎች ፈጥኖ ወደሚደርሰው ዘር ዞረዋልና። ከዚያ ጅጉርቲ ይቀጥላል።