ስለ ሐዋሳ ከተማ አቀማመጥና አስተዳደር

«ከተማ» የሚለው ቃል በአባቶቻችን ዘመን ትርጓሜው እንደ ዛሬው አልነበረም። ከተመ ማለት ሰፈረ ማለት ሲሆን፥ ከተማም ንጉሡ ወይም የጦር አለቃው ድንኳኑን የተከለበት፥ ሠራዊቱም በየማዕርጉ በዙሪያው የሰፈረበት ቦታ ነበረ። ማገዶው ሲያልቅ፥ ሣሩም ሲነጣ ድንኳኑ ይነቀላል፤ ከተማውም ከሰው ጋራ ይሄዳል። እንደ አክሱም ያሉት ጥንታውያን ሳይቆጠሩ፥ በ17ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ፋሲለደስ በጎንደር ግንባቸውን ከሠሩ በኋላ ግን ከተማ በአንድ ስፍራ ጸንቶ የሚኖር ነገር ሆነ። የጎንደርም ሹም ከንቲባ ይባል ነበርና፥ ይህ ማዕርግ ኋላ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ወረደ።

ድንኳኑ የሚነቀል ከተማ የሚያስፈልገው አንድ አዛዥ ብቻ ነው። ጸንቶ የሚኖር ከተማ ግን ውሃ መቅዳት፥ ጥራጊ ማውጣት፥ መንገድ መጥረግ፥ ወሰን መለየት፥ ግብር ማስገባትና ጎረቤት ከጎረቤት ማስታረቅ አለበት። ስለዚህ የአንዱን ከተማ ታሪክ የሚመረምር ሰው «የተሾመ ማን ነው?» ብሎ ብቻ ቢጠይቅ እኩሌታውን እንኳ አያገኝም፤ «ምክር የተጠየቀ ማን ነው?» ብሎ መጨመር ይገባዋል። ሐዋሳ ገና በአንድ ሽማግሌ ዕድሜ የምትቆጠር ከተማ ስትሆን፥ በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ግን ከብዙ አረጋውያን ከተሞች ይልቅ ተፈትናበታለች።

አስቀድመን አቀማመጧን እንመልከት። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ በስሟ በሚጠራው ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ተቀምጣለች። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ነው። ሐይቁ ያረፈበት ጎድጓዳ ሜዳ በጥንት ዘመን ከፈነዳ እሳተ ገሞራ የተረፈ ሰፊ አፍ ነው፤ ማዶ የሚታየው የኮርቤቲ ተራራም ከዚያው ወገን ነው። በከተማይቱ አጠገብ ሁለት ኮረብቶች ቆመዋል፤ አንዱ ታቦር፥ ሁለተኛው አላሙራ ይባላሉ። የመጀመሪያው ስም ነሐሴ 13 ቀን የምናከብረውን በዓል ያሳስበናል፤ ሁለተኛው የአገሬው የሲዳማ ስም ነው። የከተማይቱ ታሪክ ባጭሩ በእነዚህ በሁለቱ ስሞች ይነበባል፤ ከውጭ የመጣና ከጥንት የነበረ ጎን ለጎን ይኖሩባታልና።

ሐይቁ በዓይን የሚታይ መውጫ የለውም። ሆኖም እንደ ሌሎቹ መውጫ አልባ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጨዋማ ሳይሆን ለዓሣ የሚስማማ ለስላሳ ውሃ ነው፤ ቆሮሶና አምባዛ ይጠመዱበታል፤ በአሞራ ገደልም ገበያው ይቆማል። ከሚገቡበት ወንዞች ዋናው ጥቁር ውሃ ነው። ጥቁር ውሃ በምሥራቅ ከሚገኘው ደጋ የሚወርዱትን ጅረቶች ከጨለለቃ ረግረግ ተቀብሎ ወደ ሐይቁ ያመጣል። በሰሜን በኩልም የከተማይቱ በር የሚባለው እርሱ ነው፤ እርሱን ሲሻገሩ የኦሮሚያ ክልል ይጀምራል።

ከተማይቱ ከመቆርቆሯ በፊት ስፍራው ባዶ ምድረ በዳ አልነበረም። የሲዳማ ሕዝብ አዳሬ እያለ ይጠራው የነበረ የከብት ማሰማሪያ ነው፤ ይህም ስም እስከ ዛሬ በሆስፒታል ስም ተጠብቆ ይኖራል። ሕዝቡም ያለ ደንብ የሚኖር አልነበረም። ሶንጎ የሚባል የሽማግሎች ሸንጎ አለው፤ ሸንጎውም ነገር ሲይዝ «አፊኒ?» ብሎ ይጀምራል፤ ትርጓሜው «ሰማችሁን?» ማለት ነው። ጉዳዩ ለሁሉ ሳይሰማ፥ ሁሉም በተራው ሳይናገር ፍርድ አይሰጥም፤ የሚፈለገውም ሀላሌ፥ ማለት እውነት ነው። የዘመን መለወጫው የፊቼ ጨምበላላ ቀንም እንደ እኛ በባሕረ ሐሳብ አይቆጠርም፤ አያንቶ የሚባሉ አዋቂዎች ከዋክብትን ተመልክተው ይወስናሉ። በዓሉ በሐይቁ ዳር በጉዱማሌ ይከበራል፤ በ2008 ዓ.ም.ም በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት መዝገብ በዓለም ቅርስነት ተጽፏል። እንግዲህ የማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ሳይጻፍ፥ ማኅተምም ሳይቀረጽ፥ በዚህ ዳርቻ የምክር ቤት ሥራ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ከተማይቱ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፥ በመቆርቆሯ የልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ስም ይነሣል። በዚያን ጊዜ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ይርጋዓለም ነበረች፤ ኋላ ግን መቀመጫው ወደ ሐዋሳ ተዛወረ። ስፍራው ለጥ ያለ ሜዳ፥ ውሃው የቀረበ፥ ወደ ኬንያ የሚወስደውም አውራ ጎዳና የሚያልፍበት በመሆኑ ለከተማ ተመረጠ። ለጡረተኞች ወታደሮችም በአካባቢው መሬት ተሰጠ። መንገዱ በቅድሚያ ተለክቶ የተቀየሰ ስለ ሆነ፥ ሐዋሳ እስከ ዛሬ በቀጥተኛ ጎዳናዎቿ ትመሰገናለች። ነገር ግን ቀያሹ ገመዱን ሲዘረጋ ከብቱን በዚያ ያሰማራ የነበረውን ሰው «ሰማህን?» ያለው አልነበረም። ይህ ያልተጠየቀ ጥያቄ ለብዙ ዘመን ሳይዘነጋ ቆየ።

በዚያን ጊዜ ከተሞች የሚተዳደሩበት ሕግ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ነበረ። በዚህም ሕግ ሹሙ ከላይ ይሾማል፤ ምክር ቤትም ይቆማል፤ የከተማው ሕዝብ ከሚመርጣቸውም ሰዎች የሚቀመጡበት ወንበር ነበረ። ሆኖም ለዚህ ወንበር የሚበቃው የማይንቀሳቀስ ንብረት፥ ማለት ቤትና ቦታ ያለው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ተከራዩ፥ የቀን ሠራተኛውና ከከተማው ዳር ያለው ገበሬ ግብሩን ይከፍላል እንጂ ድምፁ አይሰማም።

የደርግ መንግሥት ይህን ሥርዓት ከሥሩ ነቀለው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ነዋሪውም በቀበሌ ማኅበር ተደራጀ። ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት ቤቶች በቀበሌው እጅ ገቡ፤ ጥቃቅን ክርክርም በቀበሌ የፍርድ ሸንጎ ይታይ ጀመር። ንብረት የሌለው ሰው በአዳራሽ ተሰብስቦ ሊመርጥና ሊመረጥ መቻሉ በእውነቱ ለድኻው አዲስ ነገር ነበረ። ነገር ግን ሳይቆይ ያው ቀበሌ የሕዝብ ጆሮ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት ዓይን ሆነ፤ በየቤቱ የሚገባውንና የሚወጣውን ይቈጥር ጀመር። ስለዚህ ነዋሪው ለስብሰባ ይጠራል፤ ምክር ግን አይጠየቅም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አገሪቱ በክልል ስትከፈል፥ ሐዋሳ የደቡብ ብሔሮች፥ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆነች። ከሃምሳ የሚበልጡ ቋንቋዎች የሚነገሩበት ክልል ዋና ከተማ ስለ ሆነች ከየአቅጣጫው ሰው ጐረፈባት። ነገር ግን ከተማይቱ የሲዳማ ናት ወይስ የሁሉ የክልሉ ሕዝብ የሚል ክርክር ተነሣ። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. የከተማይቱ አስተዳደር ከሲዳማ ሊነጠል ነው በማለት ለአቤቱታ ሰልፍ የወጡ ሰዎች በሎቄ በጥይት ተመቱ፤ ብዙ ነፍስ ጠፋ። የከተማ ወሰንና የከተማ ሥልጣን የወረቀት ነገር ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ቀን ያስብ።

ጥያቄው በመጨረሻ በድምፅ ተመለሰ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጡት ከመቶ 98 የሚበልጡት ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል እንዲሆን ፈቀዱ፤ ሰኔ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ሥልጣኑ ተላለፈ፤ ሐዋሳም የሲዳማ ክልል መቀመጫ ሆነች። የቀድሞው የደቡብ ክልልም ከጥቂት ዓመት በኋላ ተከፋፍሎ ቀረ። በሲዳማ ዘንድ ይህ ከረጅም ዘመን በኋላ የተጠየቀ «አፊኒ?» ነበረ። ከሌላው ወገን መጥቶ በሐዋሳ ቤት የሠራው፥ ልጅ የወለደው፥ መቃብሩንም ያበጀው ነዋሪ ግን ይኸው ጥያቄ ለእርሱም እንዲደርሰው ይጠብቃል። አሁን ያለው አስተዳደር የሚመዘነውም በዚህ ነው።

ከተማይቱ ለረጅም ጊዜ በ8 ክፍለ ከተማና በ32 ቀበሌ ተከፍላ ስትተዳደር ቆይታለች። ክፍለ ከተሞቹ ሐይቅ ዳር፥ መነኸሪያ፥ ታቦር፥ ምሥራቅ፥ ባህል አዳራሽ፥ አዲስ ከተማ፥ መሐል ከተማና ሐዌላ ቱላ ይባላሉ። ከ32ቱ ቀበሌዎች 12ቱ የገጠር ናቸው። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የከተማይቱ ሕዝብ 69,169 ነበረ፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በከተማው ውስጥ 157,879፥ በመላው የከተማው አስተዳደር ግን 258,808 ሰው ተገኘ። በእነዚህ በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለው ከ100,000 የሚበልጠው ሰው በከንቲባው ሥር የሚተዳደር፥ ነገር ግን በእንሰትና በበቆሎ የሚኖር ገበሬ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሲሰፋ፥ በ2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ፥ የመኖሪያ ሰፈሩም ወደ ውጭ ሲዘረጋ፥ የሚገፋው የዚህ ገበሬ ማሳ ነው። ካሳ መቀበሉ ባይቀርም፥ ካሳ የምክርን ስፍራ አይተካም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከተሞች ከጥንት ጀምሮ ከንጉሡ በሚሰጥ የመብት ደብዳቤ ራሳቸውን ያስተዳድሩ ነበር፤ ነገር ግን በብዙዎቹ ሥልጣኑ በጥቂት ባለጸጎች እጅ ቀርቶ ነበርና፥ እ.ኤ.አ. በ1835 በወጣው ሕግ ግብር ከፋዩ ምክር ቤቱን እንዲመርጥ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ወሰኖቹ እንደ ገና ተለይተው፥ በብዙ ስፍራ ከተማውና በዙሪያው ያሉት መንደሮች በአንድ ምክር ቤት ሥር ተጨመሩ። በዚያም ጊዜ «መንደራችን ስሟን አጣች» የሚል ቅሬታ ተሰማ። በብዙዎቹ ከተሞች ከንቲባው የክብር ሹም ሲሆን፥ ሥራውን የሚሠራው የተመረጠው ምክር ቤት ነው፤ በእኛ አገር ግን ከንቲባው ራሱ ሥራ አስፈጻሚ ነው። መልኩ ይለያይ እንጂ ፈተናው አንድ ነው፤ ወሰን የሚሰመረው በቀን ነው፤ ነዋሪውን የሚያዋህደው ግን የብዙ ዘመን ምክርና መተማመን ነው።

የቀረው የሐይቁ ነገር ነው። ወሰን የሰው ሥራ ነውና ውሃ አያውቀውም። የሐይቁ ምሥራቅ በሲዳማ፥ ምዕራቡ በኦሮሚያ ነው፤ የሚመግቡት ጅረቶችም የሚነሡት ከከንቲባው ወሰን ውጭ ነው። ከደጋው የሚታጠበው አፈር ወደ ጨለለቃ ይወርዳል፤ ጨለለቃ ራሱ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከሐይቅነት ወደ ረግረግነት ተለወጠ። በ1990 ዓ.ም. ገደማ ውሃው ሞልቶ ወደ ከተማው ስለ ገፋ በዳርቻው ግድብ ተሠራ፤ ዛሬ ሕዝቡ ፍቅር ሐይቅ እያለ ማታ ማታ የሚንሸራሸርበት እርሱ ነው። ግድብ ግን የሞላውን ይከለክላል እንጂ የሚገባውን ጥራጊና ደለል አያጠራም። መውጫ የሌለው ሐይቅ የተጣለበትን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል፤ በዚህም ለአስተዳዳሪ የማይቃጠል መዝገብ ነው። ላይኛው አገር፥ ከተማውና ማዶ ያለው ወረዳ በአንድ ተቀምጠው ካልመከሩ፥ እያንዳንዱ በየወሰኑ ቢተጋም ሐይቁን አያድነውም።

በመጽሐፈ ሩት ቦዔዝ ርስትን ሊዋጅ በወደደ ጊዜ ነገሩን በቤቱ አልጨረሰም፤ ወደ ከተማይቱ በር ወጥቶ ዐሥር ሽማግሎች አስቀመጠ፤ የሚመለከተውን ዘመድም ጠራው፤ ሕዝቡም ምስክር ሆነ። የርስት ነገር በአደባባይ በምስክር ፊት ሲያልቅ ቂም አይተርፈውም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን በሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል የሚሰበሰበው ምዕመን፥ በጉዱማሌም ለፊቼ የሚወጣው ሕዝብ በየበኩሉ የሚሻው ይህንኑ ነው። ሐዋሳ ቀጥተኛ ጎዳና፥ ማዘጋጃ ቤትና ማኅተም አላት፤ የሚያስፈልጋት የበሩ ሸንጎ ነው። እርሱም ከሩቅ የሚመጣ አይደለም፤ በዚያው በሐይቁ ዳር ከጥንት የነበረ ነውና፥ ሹሙ ገመዱን ከመዘርጋቱ በፊት ለገበሬው፥ ለእንግዳውና ለማዶው ጎረቤት «ሰማችሁን?» ብሎ ቢጀምር ይበቃዋል።