ከሬንተን እስከ ጎበድራ፤ የድንጋይና የሸክላ አፈር ቁፋሮ ቅሪቶች

የታሪክ ጸሐፊ ዐይን ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በሕንጻውና በሐውልቱ ላይ ነው፤ ድንጋዩና ጡቡ የወጣበትን ጉድጓድ አልፎት ይሄዳል። በዚህ አጭር ጽሑፍ፣ በርካታ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከቱክዊላ አካባቢ ተነሥተን፣ ጉድጓዱ ራሱ የታሪክ ሰነድ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1889 የሲያትልን የንግድ ማእከል እሳት በላው። ሕንጻዎቹ በአብዛኛው የእንጨት ስለ ነበሩ፣ ከዚያ ወዲህ የማእከሉ ቤቶች በጡብ፣ በድንጋይና በብረት እንዲሠሩ ተደነገገ። ከቱክዊላ በስተ ምሥራቅ በምትዋሰነው በሬንተን ደግሞ ሸክላ አፈርና የድንጋይ ከሰል ጎን ለጎን ይገኙ ነበር፤ አንዱ ጥሬ ዕቃ፣ ሌላው ማገዶ ሆነ። በ1905 በውሕደት የተቋቋመው የዴኒ-ሬንተን የሸክላና የድንጋይ ከሰል ኩባንያ በመንገድ ንጣፍ ጡብ ምርት በ1917 ገደማ ከዓለም አንደኛ እስከ መባል ደረሰ። አስፋልትና ኮንክሪት መንገዱን ሲወርሱ ግን ገበያው ቀዘቀዘ። ኩባንያው አፈር ያስቆፍርባት የነበረችው የቴይለር መንደርም የሲያትል የመጠጥ ውሃ በሚጠራቀምበት ክልል ውስጥ በመገኘቷ በ1940ዎቹ ፈረሰች፤ ዛሬ ደን ለብሳለች። በቀሩት ጡቦች ላይ የኩባንያው ስም ታትሞ ይነበባል፤ የቆፋሪው ስም ግን የለም።

ይህ ጉድለት ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከአክሱም በስተ ምዕራብ፣ በጎበድራ ኮረብታ፣ የሐውልቶቹ ድንጋይ የተፈለጠበት አለት ዛሬም ይታያል። ፈላጮቹ በመስመር የሰደሯቸው የሽብልቅ ቀዳዳዎች አልጠፉም፤ ከአለቱ ሳይላቀቅ የቀረ ሐውልትም አለ። ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ500 ቶን በላይ ክብደት እንደ ነበረው ስናስብ፣ የሥራው ስፋት ይገባናል። የነገሥታቱን ስም ከሳንቲምና ከጽሑፍ እናገኛለን፤ የፈላጮቹ ጽሑፍ ግን ያ የሽብልቅ ረድፍ ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የሸክላ አፈር ጉዳይ ነው። ሸክላ ሠሪው «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ቢከለከልም ንቀቱ በአዋጅ ብቻ አልተነቀለም። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ሴቶች አዲስ አበባን በጀበናና በምጣድ ሲያገለግሉ፣ ስለ አፈሩና ስለ አወጣጡ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ሬንተን የኩባንያ መዝገብ አላት፤ ጎበድራም አለት አለው። በእጅ የተቆፈረ የአፈር ጉድጓድ ግን ከተማ ሲሰፋ ይደፈናል፤ ዕውቀቱም ከባለቤቶቹ ጋር ይቀበራል። እንግዲህ የአገራችንን የሥራ ታሪክ መጻፍ የሚሻ ተመራማሪ ከቤተ መዛግብት አስቀድሞ ወደ እነዚህ እናቶች ሄዶ ቢጠይቅ፣ ሐውልት የማይነግረውን ታሪክ ያገኛል።