ሐይቅ፦ ከዓሳ ጥብሱ ባሻገር

ከደሴ ተነስቶ በወልዲያ መንገድ ወደ 30 ኪሎ ሜትር የተጓዘ ሰው ከተራሮቹ መሃል ድንገት ሰማያዊ ውሃ ይገጥመዋል። ሐይቅ ከተማ ደረሰ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዳርቻው ላይ ፎቶ፣ ዓሳ ጥብስ፣ አንድ ሁለት ቀዝቃዛ፣ ከዚያ ወደ ደሴ። አንቃወምም፤ ዓሳው ይጣፍጣል። (ለነገሩ ቆሮሶው ራሱ እንግዳ ነው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሌላ ቦታ አምጥተው ነው የለቀቁት። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ቅር ያለው 7 ወይም 8 ይቀንስ።) የሚቆጨን ግን እዚህች ውሃ ዙሪያ የዚህ አገር ሰው እስከ ዛሬ የሚጨቃጨቅባቸው ነገሮች ተፈጽመው ሳለ፣ ጎብኚው የዓሳ አጥንት ብቻ ቆጥሮ መመለሱ ነው።

በስሙ እንጀምር። ዛሬ ሐይቅ ስንል ውሃውን ነው። በግዕዝ ግን ሐይቅ ዳርቻው ነው፤ «ሐይቀ ባሕር» ማለት የባሕር ዳር ማለት ነው። እንግዲህ ሐይቅና ባሕር ዳር ሞክሼ ከተሞች ናቸው፣ አንዷ በግዕዝ ሌላዋ በአማርኛ።

የተቀየረው የቃሉ ትርጉም ብቻ አይደለም፤ መሬቱም ተቀይሯል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛሬ በእግር ይደረስበታል። በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ግን የጻፈው ስለ ደሴት ነው፤ መነኮሳቱ በደንገል ታንኳ ይመላለሳሉ፣ ሎሚና ብርቱካን ሞልቷል፣ ውሃው ውስጥ ጉማሬ አለ። ከዚያ ወዲህ ውሃው ሸሸና ደሴቷ ከየብሱ ጋር ተጋጠመች። ሐይቁ መውጫ የለውም። ከበላዩ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርድ ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ ግን የሚወጣ የለም። ዝናብ ሲያጥር ወይም የላዩ ውሃ ወደ እርሻ ሲጠለፍ ዳርቻው ወዲያው ያሳብቃል።

ወደ ገዳሙ እንግባ። በትውፊት ቤተ ክርስቲያኑ የተተከለው በ9ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ድልነዓድ ጊዜ ነው ይባላል። ቦታውን ገዳምና ትምህርት ቤት ያደረጉት ግን ከደብረ ዳሞ የመጡት አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው፤ ዘመኑም 1248 ነው። ትምህርት ቤት ስንል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚህ ተምረዋል። ጣና ላይ ያለውን ዳጋ እስጢፋኖስን የመሠረቱት አቡነ ኂሩተ አምላክም የኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዝሙር ናቸው። የዳጋው ደሴት ስሙን ከየት እንዳመጣው አሁን ገባችሁ።

ጭቅጭቁ የሚጀምረው በ1270 ነው። ይኩኖ አምላክ የዛጉዌን ሥርወ መንግሥት ጥሎ ነገሠ። ማን ረዳው? የሐይቅ ሰዎች «የእኛው አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው፤ ንጉሡንም በልጅነቱ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው» ይላሉ። የደብረ ሊባኖስ ሰዎች ደግሞ «ተክለ ሃይማኖት ናቸው» ይላሉ። ሁለቱም ገድል አላቸው፤ ሁለቱም ገድሎች የተጻፉት ነገሩ ከሆነ ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው። ታደሰ ታምራትን ጨምሮ የታሪክ ሊቃውንት ወደ ሐይቅ ወገን ያደላሉ፤ እኛም እንደዚያው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የሐይቁ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» የሚል ማዕረግ ነበረው፤ ማዕረጉን የያዘው ሰው በመካከለኛው ዘመን ቤተ መንግሥት ከንጉሡ እጅግ ቅርብ ከሆኑት አንዱ ነበር። ስለዚህ «ማን ረዳው» የሚለው ጥያቄ የጽድቅ ብቻ አልነበረም፤ የሥልጣንና የመሬትም ነበር።

ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያሠሩት አራቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። የተጻፈበት ዘመን ከታወቀና ሥዕል ካላቸው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ቀደምቱ ከሚባሉት ነው፤ 1280/81። የራሳቸው የኢየሱስ ሞዓ ሥዕልም አለበት። ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ ግን ሴት አትገባም፤ ከእኛ መሃል ሴቶች የሆንነው ወግ አጥባቂውን ደጅ ከውጭ ነው የምናውቀው። ደግነቱ በ1970ዎቹ መጽሐፉ በማይክሮፊልም ተነስቶ 1832 የሚል ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ቅጂውም አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ተቀምጧል። ለአንዲት የወሎ ልጅ ከሠፈሯ ገዳም ይልቅ ሚኒሶታ ይቀርባታል ማለት ነው።

አስጎብኚ ሁሉ ከሚተርካቸው ነገሮች አንዱ የ1531ዱ ነው። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሐይቅ ደረሰ። የዘመቻው ጸሐፊ ሺሃብ አድ-ዲን እንደተረከው ውሃው ስላገደው ታንኳ አሠራ፤ መነኮሳቱም ተደራድረው ሀብታቸውን አስረከቡ። ይህ መነገር አለበት፤ ደግሞም ይነገራል።

ሁለተኛው ቁስል ግን ከደሴ ወጣ እንዳላችሁ፣ በስተሰሜን የምታዩት ሜዳ ላይ ነው። ቦሩ ሜዳ። ጎብኚው ወደ ሐይቅ ሲሮጥ በመኪና መስኮት አይቶት ያልፋል። በ1878 አፄ ዮሐንስ አራተኛ እዚህ ጉባኤ ጠሩ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። በአንድ በኩል የካህናቱ የሃይማኖት ክርክር ተፈረደና ሦስት ልደቶች ተረቱ። በሌላ በኩል ደግሞ የወሎ ሙስሊም መኳንንት ወይ ተጠመቁ ወይ ሹመታችሁን ልቀቁ ተባሉ፤ ሕዝቡም እንዲጠመቅ የጥቂት ዓመታት ቀነ ገደብ ተሰጠው። መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና አባታቸው ዮሐንስ ነበሩ። አመዴ ሊበን ደግሞ ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ አበ ልጃቸው ምኒልክ። እምቢ ያሉ ተሰደዱ፣ ወይ ሸፈቱ፤ ሼህ ጠልሃ ቢን ጃፋር የመሩት አመፅ ከእነዚህ አንዱ ነው።

1531ን አስታውሶ 1878ን የሚዘል ጉብኝት ግማሽ ጉብኝት ነው። የተገላቢጦሹም እንደዚያው። ወሎ ውስጥ አንድ ቤት ሙስሊምም ክርስቲያንም ዘመድ ሲኖረው «ተቻችሎ መኖር» ብለን በፖስተር እናሞግሰዋለን፤ ዝምድናው ከምን ከምን እንደተሠራ ግን አንጠይቅም። ከፊሉ ፍቅር ነው። ከፊሉ የቦሩ ሜዳ አዋጅ ነው።

የሚካኤልን መጨረሻ ታውቃላችሁ? በ1914 ንጉሥ ተባሉ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ በ1916 «ሰልሟል» ተብሎ ከሥልጣን ወረደ። በአዋጅ የተጠመቀው ሰው፣ ልጁ ሰለመ ተብሎ ሲከሰስ ጦር ይዞ ዘመተ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ሰገሌ ላይ ተሸንፎ ተማረከ።

ከነሐሴ 2023 ጀምሮ አማራ ክልል ውስጥ ውጊያ ስለተነሳ፣ መንገዱን ደሴ ያለ ሰው ሳትጠይቁ አትነሱ። መንገዱ ሰላም ነው ከተባላችሁ ግን ቦሩ ሜዳ ላይ ሹፌሩን አንድ አሥር ደቂቃ አስቁሙት። ዓሳው የትም አይሄድም።